ከዛፉ በፊት አመዱ ይለካ

በአሜሪካ የሰሜን አይዳሆና የምዕራብ ሞንታና ቀዝቃዛ ተራሮች ላይ ያለው ደን በአብዛኛው የቆመው ከሩቅ በመጣ አፈር ላይ ነው። ከ7,700 ዓመታት ገደማ በፊት በኦሪገን የማዛማ ተራራ ሲፈነዳ ነፋስ ያመጣው የእሳተ ገሞራ አመድ ዛሬም የላይኛው የአፈር ንጣፍ ነው።

ይህ ንጣፍ ልል ነው፤ ጥቅል እፍግታው ብዙ ጊዜ በሴንቲ ሜትር ኩብ ከ0.9 ግራም አይበልጥም። በጸደይ የቀለጠውን የበረዶ ውሃ ይዞ ዝናብ ለሚያጥርበት በጋ ያቆያል። ይኸው ልልነት ግን ለጉዳት ያጋልጠዋል፤ እርጥብ ሳለ የግንድ መጎተቻ ማሽን ሲመላለስበት ይጠቀጠቃል፤ ተዳፋት ላይ ተራቁቶ ሲቀር ይሸረሸራል።

የብርዱ ወራት አፈሩን መልሶ ያላላዋል የሚል መከራከሪያ አለ። ሆኖም ወፍራም በረዶ ምድሩን እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው አፈሩ ብዙ ጊዜ በጥልቀት አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ በዚህ ተስፋ መዘናጋት አይገባም።

በእኔ እምነት ማንኛውም የዛፍ ቆረጣ ዕቅድ የግንዱን መጠን ብቻ ሳይሆን የአመዱንም ውፍረትና እፍግታ ለክቶ ማቅረብ፣ የማሽኖችንም መተላለፊያ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። የተቆረጠ ዛፍ በችግኝ ይተካል፤ የተሸረሸረ አመድ ግን ሌላ ፍንዳታ ካልመጣ አይመለስም።