ታሪክ ይፈርዳል?

“ታሪክ ይፈርዳል!” የምትባል አነጋገር አለች። ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣት የከበደው ሰው ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ኮሪደር ላይ የሚናገራት ናት። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ አንድ ባልደረባችን ያለ ጥፋቱ ሲባረር እኔም ብያታለሁ፤ አልዋሽም። ዛሬ ግን ከዚህች አነጋገር ጋር ተጣልተናል። ምስክሬ ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ነው።

ታሲተስን የሚያነሡ ሁሉ የአምባገነኖች መቅሠፍት ይሉታል። ይሁን። ግን መቼ? ድምጥያኖስ ቄሣር እ.ኤ.አ. ከ81 እስከ 96 ሲገዛ ታሲተስ ሹመት ይቀበል ነበር። ቄሣሮች ያስገደሏቸውን ሰዎች ያወደሱ ጸሐፊዎች በ93 ሲገደሉና መጽሐፋቸው አደባባይ ላይ ሲቃጠል፣ ሴናተሮቹ “ጎመን በጤና” ብለው ተቀመጡ። እሱም ዝም አለ።

ታዲያ ምኑ ይከበራል? ቄሣሩ ከሞተ በኋላ፣ በ98፣ የአማቱን የአግሪኮላን ታሪክ ሲጽፍ፣ በዚያ ግፍ የእኛም እጅ አለበት ብሎ ራሱን ከጥፋተኞቹ ጋር ቈጠረ። እኔ የማከብረው ይህንን ነው።

“ታሪክ ይፈርዳል” ባዮችን ግን ልጠይቅ፤ ችሎቱ የት ነው? ክሬሙቲየስ ኮርደስ የሚባል ታሪክ ጸሐፊ በጢባርዮስ ዘመን፣ በ25፣ ብሩተስን አወደስህ፣ ካሲየስን የመጨረሻው ሮማዊ አልህ ተብሎ ተከሰሰ። ራሱን በረሀብ ገደለ። መጻሕፍቱም እንዲቃጠሉ ተወሰነ። ያተረፈቻቸው ልጁ ማርሲያ ናት። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ከቍርጥራጭ በቀር የቀረ የለም፤ የክሱን ነገር በዝርዝር የነገረን ታሲተስ ነው።

የራሱ የታሲተስ ዕጣስ? “አናልስ” ከተባለው ሥራው ከመጀመሪያዎቹ ስድስት መጻሕፍት የተረፈው ሁሉ የደረሰን በአንዲት የብራና ቅጂ ብቻ ነው። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ጭራሹን ጠፍተዋል። የካሊጉላ ዘመን ከነሙሉው አብሮ ሄደ። ያ ካሊጉላ! ፍርዱ ተጽፎ ነበር፤ መዝገቡ ጠፋ።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” እንላለን። የተወጋው ከሞተስ? ያየ ካልጻፈ፣ የተጻፈውንም የሚደብቅና የሚገለብጥ ካልተገኘ፣ ታሪክ የሚሉት ዳኛ ከየት ይመጣል?

“ታሲተስም እኮ ዘግይቶ ነው የጻፈው፤ እኛም ቀን እንጠብቅ” የሚል ብልጥ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይጠብቅ። ግን ቀኑ የደረሰ ዕለት ታሲተስ የከፈለውን ይክፈል፤ ክሱን ከራሱ ይጀምር። እኔም ያቺን ስብሰባ ስጽፍ “ዝም አሉ” አልልም። ዝም አልን።