የሶላት ሰዓት ጠየቅን እንጂ ተከታተሉን አላልንም!



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ስላለው ዕቃ ነው። አዛን የሚያሰማን፣ ቂብላ የሚያሳየን፣ ቁርኣን የምንቀራበት፣ የኡስታዞቻችንን ደርስ የምናዳምጥበት ስልክ ከእኛ ሌላ ለማን እንደሚሠራ መጠየቅ ግድ የሚለን ጊዜ ላይ ደርሰናል።

እንደሚታወቀው በዚህ ዕቃ የማይማረር ሰው የለም። ሱራ እየቀራን መሐል ላይ ዓይን የማያየው ማስታወቂያ ድንገት ይደነቀራል። ያ ማስታወቂያ የሚወርደውም እኛው በከፈልንበት የኢንተርኔት ጥቅል ነው። አዛን ብቻ እንዲያሰማ የጫንነው አፕ የምናውቃቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር ካላየሁ ይላል። ትናንት በነጻ ይሰጥ የነበረው አገልግሎት ዛሬ «በየወሩ ክፈሉ» ይባልበታል። ማናችንም አንብበን ከማንጨርሰው፣ በባዕድ ቋንቋ ከተጻፈ ረጅም ውል ሥር ደግሞ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። እነዚህ እያንዳንዳቸው ሲታዩ ጥቃቅን ይመስላሉ። ከሥራቸው ያለው ጥያቄ ግን አንድና ትልቅ ነው፦ ገንዘባችንን ከፍለን የገዛነው ዕቃ የሚታዘዘው ለገዢው ነው ወይስ ለሻጩ?

ጥያቄው ከጥርጣሬ የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ የዜና አውታር አንድ ምርመራ ይፋ አደረገ። ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው «ሙስሊም ፕሮ» የተሰኘው የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ቦታ ኤክስ ሞድ ለሚባል ኩባንያ ሲያቀብል መቆየቱን ዘገባው አጋለጠ። ኤክስ ሞድ ሥራው ይኸው ነው። ለአፕ ሠሪዎች ገንዘብ እየከፈለ አንዲት ትንሽ የኮድ ቁራጭ አፓቸው ውስጥ እንዲከቱለት ያደርጋል፤ ኮዷም ስልኩ የት እንዳለ እየለካች ትልክለታለች። የሰበሰበውን መልሶ ይሸጣል። ከገዢዎቹ መካከል የአሜሪካ ጦር ተቋራጮች ይገኙበት ነበር። የአፑ ባለቤቶች የተጠቃሚዎቻቸውን የግል መረጃ ለጦሩ አልሸጥንም ብለው አስተባበሉ፤ ያም ሆኖ መረጃ ከሚያጋሯቸው ድርጅቶች ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ።

ጉዳዩ በአንድ አፕ ቢቆም «አጋጣሚ ነው» ባልን ነበር። ግን አልቆመም። በጃንዋሪ 2021 «ሶላት ፈርስት» የተባለው ሌላ የሶላት አፕ የተጠቃሚዎቹን ቦታ ፕሬዲሲዮ ለተሰኘ የፈረንሳይ ኩባንያ ሲልክ መቆየቱ ተዘገበ። በ2022 ደግሞ ጎግል «አል ሙአዚን ላይት»ን ጨምሮ በርካታ አፖችን ከመደብሩ አወረደ። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት በአፖቹ ውስጥ በፓናማ የተመዘገበ ኩባንያ ያስገባው ኮድ ተደብቆ የተጠቃሚዎችን መረጃ ይሰበስብ ነበር። ሦስት የሶላት አፖች፣ ሦስት የተለያዩ ሰብሳቢዎች! ይህ የአንድ ሰው ስህተት ሳይሆን የንግድ ሥርዓት ነው።

ኩባንያዎቹ ሁልጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «መረጃው ስም የለውም።» እስቲ ይህን እንመርምረው። ስልኩ ሌሊት የሚያድርበት ቦታ ቤታችን ነው። በሱብሒ ተነስቶ የሚሄድበት መስጂዳችን ነው። ቀን የሚውልበት ሱቃችን ወይም መሥሪያ ቤታችን ነው። ማታ ከመግሪብ እስከ ዒሻ የሚቆይበት ደርሳችን ነው። በዚህ ቤት አድሮ፣ በዚያ መስጂድ ሰግዶ፣ በዚህኛው ሱቅ የሚውል ስንት ሰው አለ? አንድ ብቻ ነው! ታዲያ ስም ለምን ያስፈልጋል? አምስት ወቅት በጀመዓ የሚሰግድ ሰው ዱካው የተደጋገመና ሰዓቱን የጠበቀ ስለሆነ ከማንም ቀድሞ የሚታወቀው እሱ ነው። ዒባዳችን ራሱ መለያ ምልክታችን ሆኖ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

አንዳንድ ወንድሞች «የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ነገሩ የሚደበቅ ጥፋት የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ አይደለም። በራችን ላይ መጋረጃ የምንሰቅለው ውስጥ ወንጀል ስለምንሠራ ነውን? ቁርኣን በሱረቱ ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን፣ በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ የሰውን ነውር መሰለልን የከለከለው ለጥፋተኞች ከለላ ሊሰጥ አይደለም። የሰው ልጅ ክብር ስላለው ነው። በሸሪዓችን ግብይት የሚጸናው በሁለቱ ወገኖች ውዴታ ነው፤ የሸቀጡን ነውር ደብቆ መሸጥም ማጭበርበር ነው። «የሶላት ሰዓት እነግራችኋለሁ» ብሎ የቤታችንን አድራሻ የሚቸበችብ ነጋዴ የደበቀው ነውር ከዚህ የባሰ ሊሆን ይችላልን?

የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ሁሉ ለሶላት ሰዓት የማያስፈልግ መሆኑ ነው። የሶላት ወቅት የሚታወቀው በፀሐይ አቅጣጫ ነው። ቀኑና ከተማው ከታወቁ ስሌቱ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የወቅቱ ልዩነት 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም! ቂብላም ቢሆን መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለች ናት፤ ይህም ካዛንቺስ ብንሆን ኮልፌ አይለወጥም። «አዲስ አበባ» የሚል አንድ ቃል የሚበቃው አፕ ሌት ተቀን እያንዳንዱን እርምጃችንን የሚጠይቀው ለእኛ አስቦ ሊሆን አይችልም።

ሕጉስ የት ነበር? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካርፔንተር በተባለው መዝገብ፣ ፖሊስ አንድ ሰው ያለፈባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ከስልክ ኩባንያ ለማግኘት በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ሊይዝ ይገባል ብሎ ወስኗል። የገበያው መንገድ ግን ክፍት ቀረ። በማዘዣ የሚጠየቀው ነገር በገንዘብ ሲገኝ ማን ዳኛ ፊት ይቀርባል? በ2020 መጨረሻ አፕልና ጎግል የኤክስ ሞድን ኮድ ከአፖች እንዲወጣ አዘዙ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ በጃንዋሪ 2024 ይኸው ኩባንያ፣ በአዲስ ስሙ አውትሎጂክ፣ የአምልኮ ቦታዎችን ጨምሮ ሚስጥራዊነት ያላቸውን የመገኛ መረጃዎች እንዳይሸጥ ከለከለው። ይህ የሆነው ከዘገባው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንዲሉ፣ አንዴ ገዢ እጅ የገባ ዱካ እንዳልነበር አይሆንም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የገዛነው ዕቃ ለሻጩ የሚታዘዝ መሆኑ በሶላት አፕ ብቻ አያበቃም። በኪታቦቻችንም ላይ እየመጣ ነው። የታተመ ኪታብ ገዝተን ቤት ስንገባ የእኛ ነው። እናውሳለን፣ እንሸጣለን፣ ለልጆቻችን እናወርሳለን፣ ለመድረሳ ወቅፍ እናደርጋለን። በኤሌክትሮኒክ መንገድ «የገዛነው» ኪታብ ግን ብዙውን ጊዜ የንባብ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ሲፈልግ ይነሳል። በ2009 አማዞን በመሸጥ መብት ጉዳይ ሳቢያ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከገዢዎቹ ማንበቢያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጥፍቷቸዋል። ገንዘቡን መልሷል፣ ኋላም ይቅርታ ጠይቋል። በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት አብረው ተዘጉ። ገንዘብ ቢመለስም መጽሐፉ ቀረ፤ ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ማስታወሻም የት ይገኛል? ወቅፍ የሚጸናው በባለቤትነት ነው። ባለቤት ያልሆንበትን ኪታብ እንዴት ወቅፍ እናደርጋለን? ለሟች ወላጆቻችን ሰደቀተል ጃሪያ ይሆን ዘንድ የምንተወው ምን ሊኖረን ነው?

ኩባንያዎቹ ይህን ሁሉ የምናደርገው ያለ ፈቃድ መቅዳትን ለመከላከል ነው ይላሉ። የደራሲ መብት መከበር አለበት፤ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። የኡስታዞቻችንንና የመንዙማ ባለሙያዎቻችንን ድካም በሜሞሪ ገልብጦ መቸብቸብን አንደግፍም። ነገር ግን ሌባን መከላከል ገዢን መበደል አይደለም። በ2005 ሶኒ ቢኤምጂ ያሳተማቸው የሙዚቃ ሲዲዎች ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ቅጂን የሚከለክል ድብቅ ፕሮግራም ይጭኑ ነበር። ፕሮግራሙ ለኮምፒውተር ቫይረስ በር ከፈተ፤ ኩባንያውም ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ፍርዱን ተመልከቱ! የተጎዳው ገንዘብ ከፍሎ ዋናውን የገዛው ሰው ነው። የተሰረቀውን ቅጂ ከሌላ ቦታ ያወረደው ግን ያንን ፕሮግራም አላገኘውም። ቁጥጥር ሐቀኛውን ሲቀጣ ሌባውን የሚሸልም ከሆነ ፍትሕ አይባልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስልካችንን እንጣል አንልም። መብታችንን እንወቅ፣ እንጠይቅም ነው የምንለው።

አንደኛ፣ ዛሬውኑ እያንዳንዳችን የስልካችንን ማስተካከያ እንክፈት። የሶላት አፓችን ከተማ በእጅ መምረጥ የሚያስችል ከሆነ ከተማችንን መርጠን የመገኛ ቦታ ፈቃዱን እንዝጋ። የማያስችል ከሆነ «በምጠቀምበት ጊዜ ብቻ» የሚለውን እንምረጥ፤ ትክክለኛውን ሳይሆን ግምታዊውን ቦታ ብቻ እንስጥ። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ የማስታወቂያ መለያውን እንሰርዝ፤ በአይፎን ላይ አፖች እንዲከታተሉን የሚጠይቁትን ፈቃድ እንከልክል። ወጣቶቻችን ይህን ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ከሶላት በኋላ ተቀምጠው ያስተካክሉላቸው።

ሁለተኛ፣ በየመስጂዱ ያለው የሶላት ሰዓት ሠንጠረዥ ቦታውን አይልቀቅ። የኮምፒውተር ሙያ ያላቸው ልጆቻችን ማስታወቂያ የሌለው፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ከማንም ምንም የማይሰበስብ የሶላት አፕ ሠርተው ለጀመዓው ያበርክቱ። ሀብታሞቻችንም የውሃ ጉድጓድ እንደሚያስቆፍሩት ሁሉ ይህንን በወቅፍ ያሠሩ።

ሦስተኛ፣ የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎች የምእመኑን ስም፣ ስልክ ቁጥርና የልጆችን ዝርዝር ሲመዘግቡ አማና መያዛቸውን ይወቁ። የማያስፈልገውን አይጠይቁ፤ የያዙትን ለሦስተኛ ወገን አይስጡ፤ የሰጋጆችን ፊት የሚያሳይ ፎቶ ሳያስፈቅዱ አይልቀቁ። ከኩባንያ የምንጠይቀውን እርስ በርሳችንም ልንጠብቅ ይገባል።

አራተኛ፣ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጅ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ማንንም አይጠብቅም። የእምነት መረጃችንን ማን ይሰበስባል? ለማንስ ያስተላልፋል? በሕጋዊና በሰላማዊ መንገድ፣ በጽሑፍ እንጠይቅ፤ መልስ እስክናገኝም አንታክት። የሕግ ባለሙያዎቻችን አቤቱታውን በማዘጋጀት ያግዙን።

የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። የገዛነው ዕቃ የእኛ እንዲሆን፣ ቤታችን ቤታችን እንዲሆን፣ ወደ ጌታችን የምንሄድበት መንገድ በገበያ እንዳይሸጥ ነው። አላህ ነውራችንን ይሸፍንልን፣ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን!

አላሁ አክበር!