የአንዱ ስለት፥ የሌላው እጀታ

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ውስጥ ስለቱ ደኅና ሆኖ ሳለ እጀታው የተሰነጠቀ፥ ወይም እጀታው ደኅና ሆኖ ሳለ ስለቱ በሞረድ ብዛት ያለቀ ቢላዋ ሳይኖርህ አይቀርም። የመጀመሪያውን በጨርቅ ጠምጥመህ ትሠራበታለህ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ከጓዳ ጥግ ትጥለዋለህ። ከሁለቱ ሰባሮች አንድ ደኅና ቢላዋ እንደሚወጣ ግን ብዙዎቻችን አናስበውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ተከትለነው ስንሄድ ከጓዳ ተነሥቶ ዐድዋ ያደርሰናል፤ ከዐድዋም መልሶ እዚሁ አዘና ከቀጥቃጩ ደጅ ያቆመናል።

ወጣቶች በስልካቸው ተሰብስበው ከሚመለከቷቸው ነገሮች አንዱ የቢራቢሮ ሰንጢ የሚባለው ነው። የዚህ ሰንጢ እጀታ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን ሁለቱ ክንፎች በየብሎናቸው ላይ እየዞሩ ሲዘጉ ስለቱን ያቅፉታል፤ ሲከፈቱም ወደ ኋላ ተመልሰው ይገጥሙና አንድ እጀታ ይሆናሉ። ስመ ጥር የሆነው በፊሊፒንስ አገር፥ በባታንጋስ አውራጃ ሲሆን እዚያ ባሊሶንግ ይሉታል። ሰንጢውን የሚወዱ ሰዎች የአንዱን ሞዴል ስለት ከሌላው ሞዴል እጀታ ጋር ማጋባት ያዘወትራሉ። ሥራው ግን እንዲያው በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። የቀዳዳዎቹ ስፋት፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት፥ የስለቱ ሥር ውፍረት፥ በእጀታው ውስጥ ለስለቱ የተተወለት ቦይ ርዝመት፥ ይህ ሁሉ መስማማት አለበት። አንዱ ከጎደለ ሰንጢው ወይ አይዘጋም፥ ወይ ይወላልቃል፥ ወይም ስለቱ በተዘጋ ቁጥር የእጀታውን ውስጥ እየመታ ይዶለዱማል።

ይህን በጣታቸው እያሽከረከሩ የሚቆረጡትን ልጆች ለወላጆቻቸው እንተዋቸው። እኛን የሚመለከተን የማጋባቱ ጥበብ ነው፤ ይህ ደግሞ በአገራችን እንግዳ አይደለም።

ምናልባት ከአንድ ሙዚየም ወይም ከአንድ አርበኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎራዴ ያየህ እንደ ሆነ ስለቱንና እጀታውን ለየብቻ መርምር። ብዙውን ጊዜ እጀታው የአገር ባለ እጅ ከአውራሪስ ቀንድ የጠረበው ነው። ስለቱ ግን ዞሊንገን ከምትባለው የጀርመን ከተማ ወይም ከሌላ የአውሮፓ ፋብሪካ የመጣ ሊሆን ይችላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፋብሪካዎቹ ገበያውን ዐውቀው የይሁዳን አንበሳና የአማርኛ ፊደል በስለቱ ላይ እየቀረጹ ይልኩ ነበር። ሌላው ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በደም የተገኘ ነው፤ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከኢጣልያ ጦር ብዙ መሣሪያ ተማርኳል።

አባቶቻችን የውጭውን ስለት ከነእጀታው እንደ መጣ ለምን አልያዙትም? የአውሮፓው ጎራዴ እጀታ ጣትን የሚከልል የብረት ቅስት ያለው፥ በግራ ጎን ለሚታጠቅ ወታደር የተሠራ ነው። የእኛ ሰው ግን በግራ እጁ ጋሻ ይዞ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር። ስለዚህ የሰው አገር ብረት ለአገሩ እጅና ለአገሩ አታጣጠቅ እንዲመች ሆኖ እንደ ገና ተገጠመ። የስለቱ ቀጭን ጭራ በቀንዱ መካከል ተሰድዶ በብረት ተያዘ፤ ጎራዴውም ከዚያ በኋላ የእኛ ተባለ። የስለቱን ጥሩነት ከማንም ይሁን ከማን ተቀብለዋል፤ አያያዙን ግን ለማንም አልተዉም።

ይሁን እንጂ የእጀታው ነገር ዕዳም ነበረበት። የአውራሪስ ቀንድ ለእጀታ የተፈለገው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በየመን ጃምቢያ የሚባለው ጩቤ ክብሩ በእጀታው ስለሚለካ በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወደዚያ አገር የገባው ቀንድ እጅግ ብዙ ነበር። በ1977 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ሲታገድ እንስሳው በብዙ ስፍራ አልቆ ነበር። ስለዚህ የድሮውን እጀታ በክብር እንጠብቀው እንጂ ቀንድ ፈልገን እንደ ገና እንሥራው ማለት አይገባንም። ወይራ እያለ ቀንድ ምን ያደርግልናል?

ወደ ሥራው እንመለስ። በየገጠሩ ቀጥቃጭ የሚሠራው ጥሩ ቢላዋና ገጀራ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። የሚደንቀው፥ የባታንጋስ ቀጥቃጮችም ከዚሁ ከባሌስትራ ይሠራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባሌስትራ ከመቶ ከግማሽ እጅ በላይ የሚሆን ካርቦን ያለበት አረብ ብረት ስለ ሆነ ተግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ተራ ብረት ግን ቢግልም ቢጠልቅም ያው ልስልስ ነው። ስለዚህ ስለት ስትመርጥ አብረቅራቂነቱን ሳይሆን ብረቱን ጠይቅ።

እጀታ ስትመርጥ ደግሞ ዋንዛ ለመጥረብ ቀላል መሆኑ አያታልህ። ዋንዛ ለወንበርና ለጠረጴዛ መልካም ነው፤ ለቢላዋ እጀታ ግን ይላላል። ወይራ ይጠነክራል፥ እንደ ልብም አይሰነጠቅ። ነገር ግን በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተርና ስለቱ በውስጡ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሚንቀጠቀጥ ስለት ከዱልዱም ስለት ይልቅ አደገኛ መሆኑን ሽንኩርት የምትከትፍ እናትህ ትነግርሃለች።

ቀጥሎ ልኩ ነው። የስለቱ ጭራ ቢያንስ እስከ እጀታው እኩሌታ መግባት አለበት። ከዚያ ካጠረ ጠንከር ያለ ነገር ስትቆርጥ ይነቀላል። ቀዳዳው ከጭራው ትንሽ ይጥበብ፤ ቀጥቃጩ የጭራውን ጫፍ አግሎ ሲሰድደው እንጨቱን እያቃጠለ የራሱን ቦታ ያበጃል። የጥበቡ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጭራው ሲግል ሙቀቱ ወደ ስለቱ እንዳይሄድ ስለቱ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል አለበት። የተወለወለ አረብ ብረት ሲሞቅ ቀለም ያወጣል፤ ወደ 230 ዲግሪ ሲደርስ እንደ ገለባ ቢጫ ይሆናል፥ ወደ 300 ሲደርስ ሰማያዊ ይመስላል። ቢጫው ለስለት ይስማማል። ሰማያዊው ወደ ጠርዙ ከወረደ ግን ጥንካሬው ሄዷልና ብትሞርደውም በማግስቱ ይዶለዱማል። እጀታ አድሳለሁ ብሎ ስለት ማጥፋት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት መሆን ነው።

ይህን የቀለም ነገር እኛ በክፍል ውስጥ በጠመኔ እንጽፈዋለን። ቀጥቃጩ ግን ቴርሞሜትር ሳይኖረው በከሰሉ ፍም ፊት ቆሞ በዓይኑ ያነበዋል። በአዊ ምድር የዲከረንስ ግራር እየተተከለ ከሰል በየመንገዱ ዳር በጆንያ ተደርድሮ ታያለህ። የከሰሉን ነጋዴ ሁሉም ያከብረዋል፤ በዚያው ከሰል ማረሻ የሚያወጣውን ሰው ግን ከማዕዱ የሚያርቀው ብዙ ነው።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎች ስንመዘግብ የአንዱን ልጅ አባት ሥራ ጠየቅሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ «ገበሬ» አለ። እኔም «ገበሬ» ብዬ ጻፍሁ። የክፍላችንን በር ማጠፊያ የጠገነው ግን ያ አባት ነበር፤ ይህንንም ልጁም እኔም እናውቃለን። ልጁን የሚወቅሰው ማን ነው? «ቡዳ» እየተባለ ከሚያድግ ገበሬ ሆኖ መመዝገብ ይሻላል ብሎ አስቦ ይሆናል። የሚወቀሰውስ የተማረው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው ስም መስደብ እሳቸውን እንደ መስደብ እንደሚቈጠር አስታውቀው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ አንድ ልጅ በአባቱ እጅ ሥራ ያፍራል።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እልፍ ሰው ወጥቶ ያያል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዐድዋ የፈረስን ውለታ ያስባል። ፈረሱ ሲያልፍ ልጓሙንና እርካቡን ተመልከትና ይህን የቀጠቀጠው ማን ነው ብለህ ራስህን ጠይቅ። ጋሻና ጎራዴ የያዙትን አያቶቻችንን እናሞግሳለን፤ ጎራዴውን ለእጃቸው ያበጀላቸውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አልጻፍነውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሚመጣው የገበያ ቀን ሁለቱን ሰባሮች በጋዜጣ ጠቅልለህ ወደ ቀጥቃጩ ውሰድ። የትኛው ስለት ከየትኛው እጀታ ጋር እንደሚሆን አንተ አትወስን፤ እሱን ጠይቀው። ጭራውን ለክቶ «ይህ አይሆንም» ካለህ እመነው፥ ሌላ አምጣ። በሥራው ስም ሳይሆን በአባቱ ባወጣለት ስም ጥራው። ዋጋውንም ሳትከራከር ክፈል። ልጅ ካለህ ይዘኸው ሂድ፤ ብረቱ ቢጫ ሲሆን ከዚያ ከሰውየው አጠገብ ቆሞ ይመልከት።