ጆሮህን አትደብቅ፤ ዌቨር የሚባል በር አለ

የዛሬው ጽሑፍ ይበልጥ የሚመለከተው አሜሪካ ውስጥ የሚያድጉ ልጆቻችንንና ወላጆቻቸውን ነው። አገር ቤት ያለነውም ብናነበው አይጎዳንም፤ ምክንያቱን ወደ መሃል ስትደርሱ ታገኙታላችሁ።

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ ከሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ልጆች መካከል ሃይስኩል ሊጨርሱ ሲሉ ወደ ወታደራዊ አካዳሚ የሚያመለክቱ አሉ። የምድር ጦሩ ዌስት ፖይንት፣ የባሕር ኃይሉ አናፖሊስ፣ የአየር ኃይሉ ደግሞ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። የባሕር ጠረፍ ጥበቃና የንግድ መርከብ አካዳሚዎችም ሲጨመሩ አምስት ይሆናሉ። ትምህርቱ በነጻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተመረቀ ሰው ቢያንስ 5 ዓመት በሠራዊቱ የማገልገል ግዴታ አለበት። ልጁ ውጤቱ ጥሩ፣ ሩጫው ጥሩ፣ የኮንግረስ አባል ድጋፍም አግኝቶ ሳለ የጆሮ ምርመራው ላይ ይወድቃል። «ብቁ አይደለህም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ያኔ አንዳንዱ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሌላው ደግሞ ወንድሙ የደረሰበትን አይቶ የራሱን የጆሮ ታሪክ ከፎርሙ ላይ ይደብቃል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ሁለተኛው ግን የባሰ ነው።

(«ለመሆኑ እዚያ ሠራዊት ውስጥ መግባት ይፈቀዳል ወይ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ልትጽፉልኝ ያሰባችሁ ወንድሞች፣ ያ የዑለማዎች ጉዳይ ነው፤ እኔ ዛሬ አልገባበትም። እዚህ የማወራው አመልክቶ ስለጨረሰ ልጅ ነው።)

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። ምርመራውን የሚያዝዘውና ውጤቱን የሚያየው ዶድመርብ የሚባል የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሕክምና ቦርድ ነው። ይህ ቦርድ ልጁን ከጽሑፍ መስፈርቱ ጋር ያስተያያል፤ ያሟላል ወይም አያሟላም ይላል፤ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ዌቨር ማለት፣ ማለትም «መስፈርቱን ባያሟላም እንቀበለዋለን» የሚለው ልዩ ፈቃድ፣ የሚሰጠው በአካዳሚው በኩል ነው እንጂ በቦርዱ አይደለም። ብዙ ወላጅ ቦርዱ ዘንድ ደጋግሞ እየደወለ የሚለምነው ይህን ስለማያውቅ ነው። ልጁ ራሱም «ዌቨር ስጡኝ» ብሎ ለቦርዱ ማመልከቻ አያስገባም። አካዳሚው የልጁን ፋይል አይቶ «ይህን ልጅ እንፈልገዋለን» ካለ ጉዳዩን ለዌቨር የሚያንቀሳቅሰው እሱው ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሚወጣውን ነገር ልብ በል ወንድሜ። ጆሮህ የመጀመሪያው በር ላይ ሊያስቆምህ ይችላል፤ በሩ ዳግም እንዲከፈት የሚያደርገው ግን የሒሳብ ውጤትህ፣ የእንግሊዝኛ ድርሰትህ፣ የመምህሮችህ ምስክርነትና የአካል ብቃትህ ነው። ማንም ስለማይፈልገው አመልካች ዌቨር አይጠየቅም። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ ትምህርቱን ችላ የሚል ልጅ በገዛ እጁ ሁለተኛውን በር ይዘጋዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሕክምና ምርመራው አንድ ቢሆንም የዌቨር ውሳኔው በየአካዳሚው ነው። የባሕር ኃይሉ «አይሆንም» ማለቱ የምድር ጦሩን እጅ አያስርም። ከአንድ በላይ ማመልከት የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መስፈርቱ ራሱ ምን ይላል? ለእያንዳንዱ ጆሮ በ500፣ በ1000ና በ2000 ሄርዝ የተለካው አማካይ ከ25 ዲሲቤል አይበልጥም፤ ከሦስቱ አንዱም ለብቻው ከ30 አያልፍም። በ3000 እስከ 35፣ በ4000 እስከ 45 ይፈቀዳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ድምፁ እንዲሰማህ ይበልጥ መጮህ አለበት ማለት ነው። ከታች ያሉት ቁጥሮች ወፍራም ድምፆች ናቸው፤ ከላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ። መድረሳ ያስተማረ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ከኋላ ተቀምጦ «ሲን»ንና «ሣእ»ን ሁልጊዜ የሚያምታታ ልጅ አለ፤ ሰነፍ ይባላል፤ ከፊት ስታስቀምጠው ይስተካከላል። ልጁ የከበደው ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። ባለፈው ክረምት ከወሎ ሄዶ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ አባት በስልክ ጠየቀኝ። ልጁ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ አገር ቤት ነው ያደገው፤ ሕፃን ሳለ ጆሮው መግል ያወጣ ነበር። «አሁን ድኗል ሸኽዬ፣ ምን ብለን እንጽፈዋለን? ዝም ብንልስ?» አለኝ። ሸኽ እንዳልሆንኩ፣ የኢማሙ ረዳት እንደሆንኩ ብነግረውም መጠየቁን አልተወም። ጥያቄውን ግን ወደድኩለት፤ ብዙው ሳይጠይቅ ነው የሚደብቀው። የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ ፎርሙ የሚጠይቀው «አሁን ያምሃል ወይ» ብቻ አይደለም፣ «አሞህ ያውቃል ወይ» ጭምር ነው። «የለም» ብሎ መፈረም ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ ለፈረንጅ ወረቀት ሲሆን ሐላል አይሆንም።

ሃይማኖቱን እንኳ ለጊዜው ብንተወው ነገሩ አያዋጣም። ብዙ ጊዜ ያመረቀዘ ጆሮ ታምቡሩ ላይ ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ ሐኪሙ መብራት ያለው መሣሪያውን አስገብቶ ሲያይ ጠባሳው «እዚህ ነኝ» ይላል። የወታደር ምልመላ ጣቢያዎችም ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ጀነሲስ የተባለውን የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ስለሚጠቀሙ የቆየ የሐኪም ቤት ጉብኝት ሳይቀር ሊወጣ ይችላል። ሆን ብሎ ደብቆ መግባት ደግሞ በወታደራዊ ሕጋቸው ወንጀል ነው። የታወቀ የጆሮ ችግር ዌቨር ሊያገኝ ይችላል። ለተደበቀ ጆሮ ግን ማን ዌቨር ይጠይቅለታል? የዋሸ ልጅ ከጆሮው ይልቅ እምነት ማጣቱ ነው የሚያስባርረው።

የምንደብቀውስ ለምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር፤ ስለምናፍር ነው። መስማት የቀነሰ ሰው በእኛ ሰፈር ስሙ ስድብ ነው። እናት «ልጄ ጆሮው ደህና ነው» ስትል ለጋብቻውም ለክብሩም ብላ ነው። የጆሮ መግልንም ሐኪም ቤት ሳይወስዱ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ጠብ አድርጎ መተው የተለመደ ነው። አገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች ይህ እናንተን ይመለከታል ያልኩት ለዚህ ነው። ታናሽ ወንድማችሁ ጆሮው የሚፈስ ከሆነ ዛሬ ውሰዱት፤ የሕክምና ካርዱንም አትጣሉት። ነገ የትም አገር ቢሄድ «በዚህ ዓመት ታክሟል፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰበትም» የሚል ወረቀት ያለው ልጅና ባዶ እጁን የቆመ ልጅ አንድ አይደሉም።

መስፈርቱ ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ በከፊል ነው እላለሁ። ጨለማ ውስጥ የጓደኛውን ማስጠንቀቂያ ያልሰማ ወታደር ራሱንም ሌላውንም ያስገድላል። በሌላ በኩል ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ የምትሰማ «ጢጥ» የምትል ድምፅ የሰውን ችሎታ ሁሉ አትለካም። ኪት ኖላን የተባለ መስማት የተሳነው አሜሪካዊ መምህር በካሊፎርኒያ የምድር ጦሩን የመኮንንነት ሥልጠና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተከታትሎ እንደነበር የታወቀ ነው፤ እስከ መጨረሻው ግን አላስገቡትም። በስሙ የተጠራ ረቂቅ ሕግ እስከ ኮንግረስ ደርሷል። ሌላው የሚገርመኝ፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዘንድ ከአገልግሎት ጋር ተያይዘው ከሚመዘገቡ ጉዳቶች ቀዳሚዎቹ የጆሮ ጩኸትና የመስማት መቀነስ መሆናቸው ነው። ሠራዊቱ ጤነኛ ጆሮ መርጦ ያስገባል፤ ብዙውን ጎድቶ ይመልሳል። ጆሮው ቀድሞ የተጎዳ ልጅ ደግሞ በተኩስ መሃል የቀረችውንም ሊያጣ ይችላልና ወላጅ ይህንንም አስቦ ይወስን።

ለሚመረመር ልጅ ጥቂት ነገር ልበል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 14 ሰዓት ከከፍተኛ ድምፅ ራቅ፤ ከሠርግ ድምፅ ማጉያ አጠገብ አምሽተህ ብትሄድ ጆሮህ ለጊዜው ደንዝዞ ውጤትህ ይበላሻል። ጆሮህ በኩክ ተደፍኖ እንደሆነ ሐኪም ይይልህ፤ በክብሪት እንጨት አትጎርጉረው። ውጤቱ ካነሰ ቦርዱ ተጨማሪ ምርመራ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ኦዲዮሎጂስት ጋ ሂድና የድምፅ ብቻ ሳይሆን ቃላትን የመለየት ምርመራም ይሥራልህ። የጆሮ ማዳመጫውንም ነገር አስብበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዲሲቤል ላይ በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ነው። በጩኸት የሚመጣ ጉዳት ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያችው 4000 ሄርዝ አካባቢ ነው።

ማመልከቻውንም በጊዜ ጀምር። ተጨማሪ ምርመራ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ወረቀት፣ ትርጉም፣ የአካዳሚው ውሳኔ፣ ሁሉም ወራት ይበላል። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለህ ልጅ ዛሬ ማታ እናትህን «ሕፃን ሳለሁ ጆሮዬን አሞኝ ያውቃል?» ብለህ ጠይቃት።