ጣና መርከብ አገኘ፤ መስመሩስ?

በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣች፣ ከ30 ሜትር በላይ የምትረዝም መርከብ በተጎታች ተጭና በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ፣ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ በእልልታ ተቀበላት። «ጣናነሽ ፪» ናት፤ ያስመጣት የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ነው። ደስታው የሚገባ ደስታ ነበር። ወደብ አልባ የሆነ ሕዝብ መርከብ ሲያልፍ አይቶ ልቡ ቢነካ ማንም አይፈርድበትም። ይሁን እንጂ በዚያ ሰሞን ስለ መርከቧ ርዝመት፣ ክብደትና ምቾት ያን ያህል ሲወራ፣ የደቅ ደሴት ገበሬ ሊጠይቅ የሚችለውን ጥያቄ ያነሣ ብዙ ሰው አልሰማሁም፦ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር?

የእኔ ክርክር ከዚህ ጥያቄ ይነሣል። ጣናን የቸገረው መስመር ነው። መስመር የምለው፣ መርከቧ ሞላችም ጎደለችም፣ ቱሪስት መጣም ቀረም፣ በታወቀ ቀንና በታወቀ ዋጋ የምትነሣበትን የሕዝብ አገልግሎት ነው። መርከብ በገንዘብ ይገዛል። መስመር ግን ዓመት ከዓመት የሚጠበቅ ቃል ነው፤ ሰውም ገበያውን፣ ሕክምናውንና ንግሡን በዚያ ቃል ላይ ተማምኖ ያቅዳል።

ጣና እንዲህ ያለ መስመር ነበረው። ለብዙ ዓመታት የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት መርከብ እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ በዘጌና በደቅ በኩል አልፋ ቁንዝላ ታድር ነበር። በማግሥቱ ደልጊን ነክታ ጎርጎራ ትገባ፣ ሐሙስ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ትመለስ ነበር። ዘገምተኛና የተጨናነቀች መርከብ ነበረች። ሆኖም የጣቁሳና የአለፋ ሰው፣ በክረምት ጭቃ የሚዘጋውን የምዕራብ ዳርቻ መንገድ ትቶ እህሉንና በሽተኛውን ይዞ የሚሳፈርባት እሷ ነበረች። ዛሬ ሐይቁ ላይ የሚታየው አብዛኛው የሞተር ጀልባ ጎብኚ ሊያዞር በኪራይ የሚነሣ ነው። ኪራዩን መክፈል የማይችል ሰው ወይ ጀልባው እስኪሞላ ይጠብቃል፣ ወይ በደንገል ታንኳ ይቀዝፋል። ታንኳ በተለይ የወይጦዎች የእጅ ጥበብ ነው፤ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ማዕበሉ ሲበረታ፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትሻገርበት ነገር አይደለም።

ጎንደሬው ይህን ሁሉ የባሕር ዳር ጉዳይ አድርጎ ማየቱ ያሳዝነኛል። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ግቢያቸውን እዚያ አድርገው ነበር፤ የቅርብ ሰው ያደረጉት ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 እዚያው ሞተ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከተማቸው ቢያደርጉም፣ አስከሬናቸው ያረፈው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ነው። ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1706 እ.ኤ.አ. የተገደሉት በጣና ደሴት ላይ ሳሉ ነው፤ የተቀበሩትም በምጽራሃ ደሴት። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ባሠሩበት ዘመን ናርጋ ሥላሴን ደቅ ላይ አሳነጹ። የፋሲል ግንብ ያለ ጣና ግማሽ ታሪክ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ደጋው ላይ፣ መቃብሩና ደብሩ ውኃው መካከል ነበርና። ለእነዚያ ሰዎች ሐይቁ መንገድ ነበር። ዛሬ ግን ናርጋ ሥላሴን መሳለም የሚሻ የጎንደር ምእመን፣ ጎርጎራ ላይ ጀልባ ካልተከራየ በቀር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳር ወርዶ እንደገና ወደ ሰሜን በጀልባ ይጓዛል። በውኃ ከጎርጎራ ባሕር ዳር ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በየብስ ግን በአዘዞ ዞሮ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የየብሱ መንገድ በጸጥታ ችግር በሚዘጋባቸው ቀናትማ ሁለተኛ መውጫ አለመኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የሰሜኑ ሰው ያውቀዋል።

«መስመሩ አያዋጣም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎን፣ አያዋጣም። ለዚህ ግሪክን ማየት ይበጃል። ግሪክ ሰው የሚኖርባቸው ከ200 በላይ ደሴቶች አሏት፤ በበጋ ቱሪስት የሚያጥለቀልቃቸው ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ክረምት ሲገባ ትንንሾቹ ደሴቶች ለመርከብ ኩባንያ ኪሳራ ይሆናሉ። መንግሥት ታዲያ የማያዋጡትን መስመሮች ለጨረታ ያወጣል፤ ያሸነፈው ኩባንያ በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ሊሄድ ይዋዋላል፣ ኪሳራውም ከሕዝብ ገንዘብ ይካካስለታል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ደሴተኛው ለመርከብ የከፈለው፣ ያንኑ ርቀት በየብስ ቢጓዝ ከሚከፍለው በበለጠ ጊዜ ልዩነቱ የሚመለስበት ሥርዓት ተዘርግቷል። በደሴት የተወለደ ሰው ስለ ተወለደበት ቦታ ቅጣት አይከፍልም ማለታቸው ነው። እኛስ ብንሆን ከአዘዞ ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ ትርፍ አምጣ ብለነው እናውቃለን? ለምድሩ መንገድ የማንጠይቀውን ትርፍ ከውኃው መንገድ የምንጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ግሪኮች ሌላም ነገር በመራራ መንገድ ተምረዋል። በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. «ኤክስፕረስ ሳሚና» የተባለችው መርከብ ፓሮስ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተጋጭታ ከ80 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ቁጥጥር የሌለበት መስመር ባይኖር ይሻላል። የጣና ጀልባዎች የሕይወት ጃኬት፣ የጭነት ልክና የካፒቴን ፈቃድ በየጉዞው ሊታዩ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውኃው ራሱ ነው። ጫራ ጫራ ላይ የዓባይ መውጫ ከተገደበ ወዲህ ጣና ሐይቅም ነው፣ የኃይል ማመንጫ ማጠራቀሚያም ነው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ፣ ለኃይልም ውኃ ተለቆ፣ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች ወረደ። ይህ ልክ በጊዜው መርከቦቹ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉበት ዝቅተኛው ነበር፤ ጉዞውም ለአራት ወር ያህል ቆመ። በ2002 ዓ.ም. ለኃይል ማመንጫ ውኃ የሚወስደው የጣና በለስ ዋሻ ሥራ ሲጀምር የውኃው ተሻሚ ጨመረ። እንግዲህ ተርባይን የሚያዞረው ባለሥልጣን ሳያስበው የመርከቡንም መርሐ ግብር ይወስናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወርሮታል፤ የጀልባ ፕሮፔለር ይይዛል፣ መውረጃውን ይዘጋል። መገጭ፣ ርብና ጉማራ የሚያመጡት ደለልም አለ። ለመርከብ የወጣውን ገንዘብ ለእምቦጭ ነቀላና ለወደብ ጠረጋ የሚውል ገንዘብ ካልተከተለው፣ መርከቧ ባሕር ዳር ታስራ የምትጎበኝ ቤት ሆና ትቀራለች።

ጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ሪዞርት ተሠርቶላታል፤ መልካም ነው። ግን ከሪዞርቱ በረንዳ ሐይቁን የሚያይ እንግዳና ከደልጊ ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ ገበሬ በአንድ መርከብ ቢሳፈሩ የሚጠቀሙት ሁለቱም ናቸው። በግሪክ ደሴቶች የውጭ ጎብኚው የሚሳፈረው ደሴተኛው በሚሳፈርበት መርከብ ነው፤ የእሱ ቲኬት መስመሩን ይደግፋል። ለቱሪስት ብቻ የተዘጋጀ መርከብ ቱሪስት በቀረ ጊዜ ይቆማል፤ ያለፉት ዓመታት ይህን አሳይተውናል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለመርከቧ ባለቤት፣ ለአማራ ክልልና ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ነው። በጎርጎራ፣ በደልጊ፣ በቁንዝላ፣ በደቅ፣ በዘጌና በባሕር ዳር ወደብ በር ላይ የመነሻ ቀንና ሰዓት፣ ከነዋጋው፣ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ። በሳምንት ሁለት ቀን ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ለደሴተኛ የተቀነሰ ዋጋ ይወሰን፤ ጉድለቱም በክልሉ በጀት በግልጽ ይያዝ። ለመርከብ በሚያስፈልገው የውኃ ልክ ላይ ከኃይል ማመንጫው ጋር የጽሑፍ ስምምነት ይደረግ። የጎንደር ነጋዴዎችና አድባራትም ዝም አትበሉ፤ ወደቡ የእናንተም ነው፣ ጠይቁ።