የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጮኽ፤ መለወጥ ወይስ መጠገን?

የልብስ ማጠቢያ ማሽን በየከተማው ቤት እየበዛ ከመጣ ወዲህ፥ ስለ መሸጡ እንጂ ስለ መጠገኑ አስቀድሞ የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነው። ማሽኑ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ልብስ በሚጨምቅበት ጊዜ እንደ ወፍጮ መጮኽ ሲጀምር፥ ባለቤቱ ወደ ገዛበት ሱቅ ሄዶ ምክር ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘውም መልስ «ይህ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ቢገዙ ይሻላል» የሚል ነው። ይህ መልስ ለባለሱቁ የአንድ ቀን ሽያጭ ያስገኝለት ይሆናል፤ ነገር ግን ለደንበኛውም፥ ለአስመጪውም፥ ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪም ጉዳት ነው። ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ እውነትነት የሌለው መልስ ነው።

የማሽን ጩኸት ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ገና ተገዝቶ የመጣ ማሽን ወለሉን እየደበደበ የሚዘል ከሆነ፥ ፋብሪካው ለጉዞ ሲል በስተኋላው ያሰራቸው ቡሎኖች ሳይወጡ ቀርተው ይሆናል፤ ወይም አራቱ እግሮቹ እኩል አልቆሙም። ውሃውን በሚያስወጣበት ጊዜ ብቻ የሚንኳኳ ከሆነ፥ በፓምፑ ማጣሪያ ውስጥ ሳንቲም ወይም ቁልፍ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። በሚጨምቅበት ጊዜ ከግድግዳው ጋር የሚላጋ ከሆነ ደግሞ ከበሮውን ያንጠለጠለው ሞላ ወልቋል፥ ወይም ንዝረት ማብረጃዎቹ ደክመዋል፥ ወይም ማሽኑ እንዳይዘል ለማክበጃ የተጫነው የሲሚንቶ ድንጋይ ቡሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም እንኳ ማሽኑን ለማስጣል የሚያበቃ ምክንያት አይሆንም። አንዳንዱማ ገንዘብ ሳይወጣበት በባለቤቱ እጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚስተካከል ነው።

የከበሮው ፍጥነት በጨመረ መጠን አብሮ የሚያይል፥ የሚያጓራ ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። ከበሮው የሚዞርበትን ዘንግ እንደ ተለመደው ሁለት ኩሽኔታዎች ይሸከሙታል፤ ከፊታቸውም ውሃ እንዳያልፍ የሚከለክል ጎማ አለ። ጎማው ሲያረጅ ሳሙና ያለበት ውሃ ቀስ በቀስ እየሰረገ ቅባቱን ያጥበዋል፤ ብረቱም ይዝጋል። ይህን ለማወቅ ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። ሶኬቱን ነቅሎ ባዶውን ከበሮ በእጅ ማዞር፥ ቀጥሎም የከበሮውን ከንፈር ይዞ ወደ ላይ ማንሣት ይበቃል። ሲዞር የሚያንገራግር፥ ሲነሣም የሚወላወል ከሆነ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው የአባቶች ምክር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። በጊዜው የተለወጠ ኩሽኔታ ማሽኑን ለብዙ ዓመታት ሊያቆየው ሲችል፥ ችላ የተባለው ግን ዘንጉን ይበላና ትንሹን ወጪ ትልቅ ያደርገዋል።

ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ኩሽኔታ በዓለም ሁሉ በቁጥር የሚታወቅ ዕቃ ነው። 6205 የሚል ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ በየትኛውም አገር ቢሠራ የውስጥ ስፋቱ 25፥ የውጭ ስፋቱ 52፥ ውፍረቱም 15 ሚሊ ሜትር ነው። 6204 ደግሞ 20፥ 47 እና 14፤ 6206 ደግሞ 30፥ 62 እና 16 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ የቤት ማሽኖች የሚዞሩት በእነዚህና እነዚህን በመሰሉ ቁጥሮች ስለሆነ፥ የማሽኑ ስም ቢለያይም ኩሽኔታው አንድ ሆኖ ይገኛል። በመርካቶ እንደ ሶማሌ ተራ ባሉ የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥባቸው ሥፍራዎች ቁጥሩን ተናግሮ መጠየቅ ይቻላል። እንደ ማሽኑ ዐይነት የሚለያየውና ለማግኘት የሚያስቸግረው ውሃ ከልካዩ ጎማ ነው። ጎማው ሳይለወጥ ኩሽኔታው ብቻ ቢለወጥ ደግሞ ውሃው ተመልሶ ስለሚገባ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ አስመጪው ከማሽኑ ጋር በብዛት ሊያመጣው የሚገባው ዕቃ፥ ክብደቱ ጥቂት፥ ቦታ የማይዝ፥ ዋጋውም ከማሽኑ ጋር የማይወዳደር ይህ ጎማ ነው።

የውጭ ምንዛሪን ነገር ለነጋዴ ማስተማር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ነው። ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ100 ብር በላይ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ላኪው በቡናና በሰሊጥ ደክሞ ያስገባው ዶላር፥ በአንድ ኩሽኔታ ምክንያት ለተጣለ ማሽን ምትክ ሲውል ማየት የሚያሳዝን ነው። ለቤተሰቡም ቢሆን አዲስ ማሽን መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። «አዲስ ይግዙ» የተባለ ደንበኛ ሁልጊዜ አዲስ አይገዛም፤ ብዙ ጊዜ ወደ እጅ እጥበት ይመለሳል፥ ወይም ሁለተኛ ወደዚያ ሱቅ አይመጣም።

አስመጪዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ እርሱም ሊናቅ አይገባውም። መለዋወጫ ገንዘብን በመደርደሪያ ላይ ያስራል፤ የማሽኑ ዐይነት በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ያልተሸጠውም ዕቃ ኪሳራ ይሆናል ይላሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በየጭነቱ ዐይነት የሚለውጥ ነጋዴ ሲሆን ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዐይነት መርጦ በእነርሱ የሚጸና አስመጪ፥ ጎማ፥ ቺንጋ፥ የሞተር ካርቦን፥ ፓምፕና ንዝረት ማብረጃ ቢያስቀምጥ የሚፈልገውን ብዛት ከሽያጩ መዝገብ ያውቀዋል።

በውጭ አገርም ነገሩ ወደዚሁ አዘንብሏል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2021 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፥ የቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን አምራቾች የአንድ ዐይነት ማሽን የመጨረሻው ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት ዋና ዋና መለዋወጫዎችን እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የታዘዘውም ዕቃ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲደርስ ያዝዛል። ኩሽኔታ፥ ፓምፕና ንዝረት ማብረጃ ከተዘረዘሩት ውስጥ ናቸው። ፈረንሳይ ደግሞ በዚያው በ2021 እ.ኤ.አ. የማሽኑ ለጥገና መመቸት ከ10 ነጥብ ተመዝኖ በመሸጫው ላይ እንዲታይ አድርጋ ነበር። ደንቡ የወጣው ለአውሮፓ ገዢ ነው። ነገር ግን ለዚያ ገበያ የሚሠራ ፋብሪካ መለዋወጫውን ለማቆየት ስለሚገደድ፥ የአዲስ አበባው አስመጪ ውል ከመፈረሙ በፊት የመለዋወጫውን ዝርዝርና የአፈታቱን ሥዕል ቢጠይቅ የሚያስነውር አይደለም።

እርግጥ ነው፤ የማይጠገን ማሽንም አለ። የከበሮው ማቀፊያ ገንዳ ሁለት ክፍሎቹ ተበይደው የተዘጉበት ማሽን፥ ኩሽኔታው ሲበላሽ ገንዳውን በሙሉ መለወጥ ሊያስፈልገው ይችላል። ይህንን አስቀድሞ ጠይቆ የማያውቅ አስመጪ፥ ርካሽ ገዛሁ ሲል ለደንበኛው ውድ ዕቃ ያመጣል። እንዲሁም ዘንጉ የተበላ፥ ከበሮውን የያዘው ባለሦስት ክንፉ አሉሚኒየም የተሰበረ፥ ገላውም በዝገት ያለቀ እንደ ሆነ፥ አዲስ መግዛት ይሻላል ብሎ መናገር ታማኝነት ነው። እንዲህ ያለው ምክር ግን ማሽኑ ከተፈተሸ በኋላ የሚሰጥ እንጂ፥ ጩኸቱ በስልክ እንደ ተነገረ የሚወረወር መሆን የለበትም።

በቤቱ ሊጠግን የሚደፍር ደንበኛም ሊናቅ አይገባውም። መፍቻ የለመደ ሰው ቀኑን መድቦ፥ ሶኬቱን ነቅሎ፥ የውሃውን ቧንቧ ዘግቶ፥ የእያንዳንዱን ሽቦ ቦታ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ክብደቱን የሚያነሣለት ረዳት ይዞ ቢሠራ ሊሳካለት ይችላል። በ220 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ግን የኤሌክትሪኩን ክፍል ለባለሙያ መተው ብልህነት ነው። ባለሱቁ ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ትክክለኛውን ጎማ በትክክለኛው ቁጥር ቢሸጥለትና የታመነ መካኒክ ቢጠቁመው፥ ያ ሰው ማቀዝቀዣና ምድጃ በሚገዛበት ቀን ወደ ማን እንደሚሄድ የታወቀ ነው።

ስለዚህ አስመጪው በእያንዳንዱ የማሽን ጭነት ውስጥ ለመለዋወጫ የሚሆን ድርሻ ይመድብ፤ ባለሱቁም ከሽያጭ ደረሰኙ ጋር የማሽኑን ዐይነትና የኩሽኔታውን ቁጥር ጽፎ ይስጥ። ሁለቱም ትንሽ ሥራዎች ናቸው። የተሸጠ ማሽን ትርፉ አንድ ጊዜ ነው፤ የሚጠገን ማሽን የሸጠ ነጋዴ ግን ደንበኛውን ከነቤተሰቡ ለዘመናት ያቆያል።