«200 በመቶ» የሚባለው ክሪስታል ሒሳቡ እንዴት ነው?

«አንድ ብርሃን ገብቶ ሁለት የሚወጣበት፣ 200 በመቶ የሚሠራ የሶላር ክሪስታል» የሚል ፖስት ስልካችሁ ላይ ካያችሁ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሁለት ደቂቃ ስጡኝ። ሳይንሱ እውነት ነው፤ ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው።

ታክሲ ተሳፍራችሁ ሒሳቡ 50 ብር ሆኖ 100 ብር ሰጣችሁ እንበል። ረዳቱ «መልስ የለኝም» ብሎ ዝም አለ። የሲሊከን ሶላር ሴልም ከፀሐይ ጋር እንዲሁ ነው። አንድ ኤሌክትሮን ለማንቀሳቀስ 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይበቃዋል፤ ሰማያዊው ብርሃን ግን 2.6 ይዞ ይመጣል። ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የተለመደው ሴል በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ33 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

መፍትሔው ብሩን ቀድሞ መዘርዘር ነው። እ.አ.አ. በ2005 ኔዘርላንድስ ውስጥ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሬር ኧርዝ ከሚባሉት ብርቅዬ ማዕድናት ተርቢየምን እና ይተርቢየምን ፎስፌት ውስጥ ጨምረው ሞከሩት። ተርቢየም ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብሎ ጉልበቱን ለሁለት ይተርቢየም ያካፍላል። እነሱ ደግሞ ለሲሊከን የሚስማማ፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይለቃሉ። ስሌታቸው እስከ 188 በመቶ ደረሰ።

ግን በመቶው የሚቆጥረው የፎቶንን ብዛት ነው። 100 ብር ሁለት ሃምሳ ሲሆን ገንዘቡ አልጨመረም፤ እንዲያውም እዚህ ትንሽ ኮሚሽን ይቆረጣል። ሌላም ጣጣ አለ። ይተርቢየም ሲበዛ ጉልበቱን እርስ በርሱ እየተቀባበለ ያባክነዋል፤ ስለዚህ በተግባር የሚወጣው ብርሃን ከስሌቱ ያንሳል። ተርቢየምም ብርሃን የመምጠጥ አቅሙ ደካማ ነው።

ታዲያ ምርምሩ ከንቱ ነው? በፍጹም! እ.አ.አ. በ2002 የወጣ ስሌት እንደሚለው፣ ይህ ዘዴ የሴሉን ጣሪያ ወደ 40 በመቶ ሊያስጠጋው ይችላል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔን የሚስበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የፓነል ዋጋ ባለፉት ዓመታት በጣም ወርዷል፤ የሽቦው፣ የብረቱና የሠራተኛው ወጪ ግን እንደዚያ አልወረደም። ከአንድ ጣሪያ ብዙ ኤሌክትሪክ ከወጣ እነዚህ ወጪዎች ለእያንዳንዱ ዋት ይቀንሳሉ። በሌላ በኩል የሚጨመረው ሽፋንም በነፃ አይመጣም። ብርቅዬ ማዕድናቱን በብዛት የምታጣራው ቻይና ናት። ሽፋኑ ከሚያስወጣው በላይ ካላስገባ ፋብሪካ አይነካውም።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው፦ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምትማሩ ልጆች፣ ግቡበት፤ ያልተፈታ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቤታችሁ ላይ ፓነል ለመስቀል ያሰባችሁ ግን ይህን ክሪስታል ብላችሁ አትጠብቁ። «200 በመቶ» የሚል ሻጭ ከመጣም ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የፎቶን ነው የኤሌክትሪክ? የተለካው ላብራቶሪ ውስጥ ዱቄቱ ላይ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ በቆመ ፓነል? ከተንተባተበ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱ።